የፓተርን ዲዛይን በሞክአፕ አሳይቶ መሸጥ፦ ከአቡጀዲ ፎቶ እስከ ክፍያ

«ዲዛይኑን ሠርቼ ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት፣ ሰው ሁሉ ያምራል ይላል፣ የሚገዛ ግን የለም። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የሚላክልኝን ሥራ ስከፍተው ብዙ ጊዜ ዲዛይኑ ምንም አይልም። የተለጠፈው ግን ባዶ አራት ማዕዘን ምስል ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ስፌት ቤት ያላት ሴት አራት ማዕዘን ምን ታድርገው? እሷ ማወቅ የምትፈልገው ቀሚስ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል፣ አበባው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ለደንበኛዋ ብታሳየው ያኮራት ወይም ያሳፍራት እንደሆነ ነው። ይህን የሚመልስላት ሞክአፕ ነው፤ ማለትም ገና ያልታተመውን ዲዛይን ጨርቅ ላይ እንደወጣ አድርጎ የሚያሳይ ምስል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሞክአፑ ላይ የሚታየው የአበባ መጠን እውነተኛው ጨርቅ ላይ ከሚወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። የገዢ ቅሬታ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ደረጃ 4ን እንዳትዘሉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር፤ 8 ጊጋ ራም ካለው ይበቃል።
- ፎቶሾፕ ወይም ፎቶፒያ። ፎቶፒያ ብሮውዘር ላይ በነፃ ይሠራል፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል።
- ደህና ካሜራ ያለው ስልክና ትራይፖድ። ትራይፖድ ከሌለ ስልኩን ሳይነቃነቅ የሚይዝ ማንኛውም ነገር ይሆናል።
- 2 ሜትር ነጭ አቡጀዲ። ነጠላ ካላችሁም ይሆናል፣ ጥለቱ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ እጠፉት።
- የልብስ ሰፊ ሜትር፤ ያ ለስላሳው፣ የሚጠቀለለው።
- ካውያ።
- የፓተርናችሁ አንድ ድግግሞሽ (ጎን ለጎን እየተደረደረ ጨርቁን የሚሞላው አንዱ ካሬ ምስል)፣ 3000 በ3000 ፒክስል፣ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው)።

ዝግጁ ሞክአፕ ከኢንተርኔት ማውረድም ይቻላል። ሁለት ነገር ግን አስቡ። ፋይሉ አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፣ ዳታችሁን ይበላዋል። ደግሞ አብዛኛው የፈረንጅ ሶፋና የፈረንጅ አልጋ ነው። የጎንደር ገዢ የራሱን ቤት አያይበትም። ካወረዳችሁም ፈቃዱን አንብቡ፤ «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ከሆነ ለመሸጫ አትጠቀሙበት። እኔ የምመክረው የራሳችሁን መሥራት ነው። አንዴ ከሠራችሁት ለሚቀጥለው ዲዛይን ሁሉ ያገለግላል።

1. ገዢው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ወስኑ

ለኅትመት ነው ወይስ ለሽመና? ይህን ሳይወስኑ ሞክአፕ መጀመር ከንቱ ድካም ነው።

ሸማኔ የሚሠራው ድርና ማግ ቆጥሮ ነው። የላካችሁለትን ምስል አይቶ «ቆንጆ ነው» ይላል እንጂ እንዳለ ሊሸምነው አይችልም። የጥለት ዲዛይን የምትሸጡ ከሆነ ሞክአፑ ገዢውን ለመሳብ ነው፤ ከሱ ጋር በካሬ ወረቀት ላይ ክሩ የተቆጠረ ንድፍ መሄድ አለበት። ጥለት ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚደጋገም ረጅም መስመር ስለሆነ የቀሚስ ጠርዝ ወይም የነጠላ ጫፍ ላይ ነው የሚታየው። ሙሉ ጨርቅ ላይ አትድፉት።

ለኅትመት ከሆነ በምን እንደሚታተም ጠይቁ። ሰብሊሜሽን፣ ማለትም ቀለሙን በሙቀት ጨርቁ ላይ የሚያሳርፈው ኅትመት፣ የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ነው፣ ንጹሕ ጥጥ ላይ አይዝም። ገዢያችሁ ያለው የሰብሊሜሽን ማሽን ብቻ ከሆነ፣ እናንተ ደግሞ የጥጥ ነጠላ ላይ አድርጋችሁ ካሳያችሁት፣ ሊሠራ የማይችል ዕቃ ነው የሸጣችሁለት።

ዕቃ ስትመርጡም አስተውሉ። የመስቀል ቅርጽ ያለበትን ዲዛይን ጫማ ላይ፣ የእግር ምንጣፍ ላይ ወይም የውስጥ ልብስ ላይ አታስቀምጡ። እኛ አገር ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ገዢው ይሸሻል፣ ስማችሁም አብሮ ይነሣል።

2. ድግግሞሹ እንደሚገጥም ፈትሹ

ፋይሉን ክፈቱ። ፊልተር፣ አዘር፣ ኦፍሴት ውስጥ ግቡ። በሁለቱም በኩል 1500 ጻፉ፤ የ3000 ግማሽ ስለሆነ ነው። ራፕ አራውንድ የሚለውን ምረጡ። አሁን ጠርዝ ላይ የነበረው ሁሉ መሐል መጥቷል። መሐሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ የተቆረጠ ቅጠል ወይም የቀለም ልዩነት ካያችሁ እዚያው አስተካክሉ።

ለምን? ሞክአፕ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ትደጋገማለች። አንድ ምስል ላይ የማትታይ ስህተት መጋረጃ ላይ የመስኮት ፍርግርግ ትመስላለች።

3. ጨርቁን ፎቶ አንሡ

አቡጀዲውን በደንብ ተኩሱት። የማትፈልጉት ጭረት ካለ ኋላ ፓተርኑ ላይም ይታያል። ከዚያ እንደምትፈልጉት አድርጉት፦ ጠረጴዛ ላይ አልብሱት፣ ገመድ ላይ አንጠልጥሉት ወይም ትራስ ስፉበት። ሁለት ሦስት ትልልቅ እጥፋት ይኑረው። እጥፋት የሌለው ጨርቅ ወረቀት ይመስላል፣ እጥፋት የበዛበት ደግሞ ዲዛይኑን ይውጠዋል።

ብርሃኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋ ነጭ ጨርቅን ያቃጥለዋል። ፎቶው ላይ ብሩሁ በኩል ምንም ዝርዝር አይቀርም፣ ጥላው በኩል ጥቁር ይሆናል። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ጥላ ሥር አንሡ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ። የእጥፋቱን ጥላ የሚፈጥረው እሱ ነው፣ ሞክአፑን እውነት የሚያስመስለው ደግሞ ያ ጥላ ነው። ክረምት ላይ ደመና ካለ ቀኑን ሙሉ ማንሣት ትችላላችሁ።

ስልኩን ወደ ጨርቁ አታስጠጉ። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና በ2 እጥፍ ዙም አንሡ፤ ቅርብ ሲሆን ጠርዙ ይጣመማል። ስክሪኑ ላይ ነጩን ጨርቅ ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ።

አሁን ዋናው ነገር። ስልኩን ሳታንቀሳቅሱ ሁለት ፎቶ አንሡ። የመጀመሪያው ላይ የሰፊውን ሜትር ጨርቁ ላይ ዘርጉት፣ ቁጥሩ ወደ ካሜራው ይሁን። ሁለተኛው ላይ ሜትሩን አንሡት። የምትሠሩበት ሁለተኛው ነው፣ የምትለኩበት የመጀመሪያው።

ዳራውን በተመለከተ፦ ብዙ ሰው ፋሲል ግቢ ሄዶ ማንሣት ያምረዋል። ግንቡ ያምራል፣ ግን ድንጋዩ ራሱ ፓተርን ነው፤ ከእናንተ ዲዛይን ጋር ይጣላል። ባዶ የተቀባ ግድግዳ ይሻላል። የግድ ከሆነ ግንቡን ከሩቅ አድርጋችሁ አደብዝዙት፣ ለንግድ እንደሆነ ተናግራችሁም ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ሰው ለብሶ የምታነሡ ከሆነም እንዲሁ። ምስሉ ለመሸጫ እንደሚውል ንገሩትና በጽሑፍ ይስማማ፣ የእኅታችሁ ልጅም ብትሆን።

4. መጠኑን አስሉ

ሜትር ያለበትን ፎቶ ክፈቱ። ሜትሩ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ስንት ፒክስል እንደያዘ ለኩ። 800 ፒክስል ሆነ እንበል። ስለዚህ 1 ሴንቲ ሜትር 16 ፒክስል ነው።

ፓተርናችሁ 3000 ፒክስል በ300 ዲፒአይ ነው። 3000 ለ300 ሲካፈል 10 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሴንቲ ሜትር። ይህ ጨርቅ ላይ ሲታተም የአንዱ ድግግሞሽ ስፋት ነው። 25.4 በ16 ሲባዛ 406 ፒክስል ይመጣል። ስለዚህ ፎቶው ውስጥ አንዱ ድግግሞሽ 406 ፒክስል መሆን አለበት። ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም።

የፓተርኑን ፋይል ኮፒ አድርጉ (ዋናውን እንዳትነኩት!)፣ ኢሜጅ ሳይዝ ውስጥ ገብታችሁ 406 በ406 አድርጉት። ከዚያ ኤዲት ውስጥ ዲፋይን ፓተርን በሉት። ፎቶፒያ ላይ ዲፋይን ኒው ውስጥ ነው ያለው።

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? በዓይን ገምተው የሚያስቀምጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያሳንሱታል፤ ትንሽ ሲሆን ያምራልና። ሞክአፑ ላይ የሳንቲም መጠን ያለው አበባ ጨርቁ ላይ ሳህን አክሎ ይወጣል። ለጥምቀት 20 ቀሚስ ያዘዘች ሴት ጨርቁ ታትሞ ሲመጣላት ይህን ብታይ ምን እንደምትላችሁ እናንተው ገምቱት።

ስታሰሉ 406 ፒክስል ሆኖ አበባው በጣም ገዝፎ ከታያችሁ ሞክአፑን አታስተካክሉ። ዲዛይኑን ነው ማስተካከል። ትንንሽ አበባ ያለው ሌላ ድግግሞሽ ሥሩ።

5. ፓተርኑን ጨርቁ ላይ አስቀምጡ

ሜትር የሌለበትን ፎቶ ክፈቱ። አዲስ ሌየር (ከፎቶው ላይ የሚነጠፍ ሌላ ንብርብር) ጨምሩ፣ ኤዲት፣ ፊል ብላችሁ ባዘጋጃችሁት ፓተርን ሙሉት። ሌየሩን ወደ ስማርት ኦብጀክት ቀይሩት። ነገ ሌላ ዲዛይን ሲመጣ ስማርት ኦብጀክቱን ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ውስጡን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ሴቭ ስትሉ ፎቶው ላይ በራሱ ይለወጣል። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ለእያንዳንዱ ዲዛይን ከዜሮ ይጀምራል።

የሌየሩን ብሌንድ ሞድ መልቲፕላይ አድርጉት። ወዲያው የጨርቁ ጥላ በፓተርኑ ውስጥ ይወጣል።

ከዚያ ጨርቁን በፔን ቱል ዙሪያውን ቁረጡና ሌየር ማስክ (ከጨርቁ ውጭ ያለውን ፓተርን የሚደብቅ) አድርጉ። ጠርዙን 1 ፒክስል ብቻ አለስልሱት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ገዢ ባይገባውም ዓይኑ ሸካራ ጠርዝ ላይ ያርፋል።

ቀለሙ ከጨለመ ጥፋቱ የመልቲፕላይ አይደለም። ፎቶው ላይ ነጩ ጨርቅ ግራጫ ሆኖ ስለወጣ ነው። የፎቶውን ሌየር በሌቭልስ አብሩት፣ የጨርቁ ብሩህ ክፍል ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ 240 አካባቢ እስኪደርስ። ዲዛይኑ ራሱ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ መልቲፕላይ እጥፋቱን ይደብቀዋል። የጨርቁን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡ፣ በዚያው ማስክ ቁረጡት፣ ብሌንድ ሞዱን ስክሪን አድርጉት፣ ኦፓሲቲውን (የሌየሩን ድፍንነት) ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት አውርዱት።

በየመሐሉ ሴቭ በሉ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። በተለይ ፎቶፒያ ላይ ፋይሉን ራሳችሁ ካላወረዳችሁት ብሮውዘሩ ሲዘጋ ሥራችሁ አብሮ ይሄዳል።

6. ከእጥፋቱ ጋር አጣጥፉት

ጨርቁ ታጥፎ ፓተርኑ ቀጥ ብሎ ካለፈ ተለጣፊ ይመስላል። ትራስና የተንጠለጠለ ጨርቅ ከሆነ ዋርፕ ይበቃል። ኤዲት፣ ትራንስፎርም፣ ዋርፕ ብላችሁ መስመሩን በእጥፋቱ አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ጎትቱ።

ፎቶሾፕ ያላችሁና እጥፋቱ ብዙ ከሆነ ዲስፕሌስ ይሻላል። የጨርቁን ፎቶ ለብቻው ጥቁርና ነጭ አድርጉ፣ ከ3 እስከ 5 ፒክስል አደብዝዙ፣ በፒኤስዲ ሴቭ አድርጉት። ከዚያ ፓተርኑ ላይ ፊልተር፣ ዲስቶርት፣ ዲስፕሌስ ብላችሁ ያንን ፋይል ስጡት። ከ8 እስከ 10 ባለው ቁጥር ጀምሩ። ፕሮግራሙ ብሩሁን በአንድ በኩል፣ ጨለማውን በሌላ በኩል ይገፋዋል። ማደብዘዙ ከተረሳ የጨርቁ ክር ራሱ እንደ እጥፋት ይቆጠርና የአበባው ጠርዝ ይፈረፈራል።

7. የምስሎቹን ስብስብ አዘጋጁ

አንድ ሞክአፕ አይበቃም፣ አሥራ አምስትም አያስፈልግም። እነዚህ ይበቃሉ፦

- ሙሉ ዕቃው የሚታይበት። የመጀመሪያው ይህ ይሁን፣ ሰው ስልኩ ላይ በአውራ ጣት እየገፋ ሲያልፍ የሚያስቆመው ይህ ነው።
- በቅርብ የተነሣ፣ ሜትሩ ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ። ሜትር ያለበትን ፎቶ እንዳትጥሉት ያልኩት… አላልኩም እንዴ? አትጣሉት። ማስክ ስትሠሩ ሜትሩን ከፓተርኑ ውጭ አድርጉትና እንዳለ ይታይ። ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይሠራል፤ ገዢው ስለ መጠን መጠየቁን ያቆማል።
- ሌላ ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ ትራስ ወይም የጠረጴዛ ልብስ።
- የቀለም አማራጮች፣ ካሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙሉውን ድግግሞሽ ፊት ለፊት፣ ያለ እጥፋት፣ አትለጥፉ። ጥራቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም አንድ ሰው ቆርጦ፣ ከላዩ ስሎ ሊጠቀምበት ይችላል። የታጠፈ ጨርቅ ላይ ያለን ፓተርን አውጥቶ መጠቀም ግን ልፋት አለው። ጠፍጣፋውን ማሳየት ከፈለጋችሁ ግማሹን ብቻ።

8. ለመለጠፍ አውጡት

ጄፔግ፣ ኤስአርጂቢ (የስክሪን የቀለም ዓይነት)፣ ረጅሙ ጎን 1200 ፒክስል። ከዚያ በላይ ለስልክ አያስፈልግም፣ ለሌባ ግን ይጠቅማል። ስማችሁን መሐሉ ላይ በስሱ ጻፉ። ጥግ ላይ ከጻፋችሁት በአንድ ቁረጥ ይጠፋል።

ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ በኅትመት ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ይህን በመግለጫው ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። ከተቻለ አንድ ክንድ ጨርቅ አሳትማችሁ ከሞክአፑ ጎን ፎቶውን ለጥፉ።

9. ለጥፉ፣ ተቀበሉ፣ አስረክቡ

ከምስሉ ሥር እነዚህ ይጻፉ፦ የአንዱ ድግግሞሽ መጠን በሴንቲ ሜትር፣ የፋይሉ ዓይነት፣ ለየትኛው ኅትመት እንደሚሆን፣ ዋጋው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይሸጥ ወይም ለብዙ። የመጨረሻው በግልጽ ካልተጻፈ ሁለት ስፌት ቤቶች አንድ ዓይነት ጨርቅ ይዘው ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ እናንተ ነው የሚደውሉት። «ይህ ሞክአፕ ነው፣ የታተመ ጨርቅ አይደለም» የሚል አንድ መስመርም አትርሱ። አንዳንዱ ገዢ ጨርቁ የሚላክለት ይመስለዋል።

ጊዜውን አስቡ። ለጥምቀት የሚሆን ዲዛይን ጥር ላይ መለጠፍ ዋጋ የለውም። ከተራ ጥር 10 ነው፣ ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤቱም ሰፊውም ወረፋ አለባቸው። ኅዳር ላይ ለጥፉ።

ክፍያ በቴሌብርም በባንክም ተቀበሉ፣ ግን የተላከላችሁን ስክሪንሾት አምናችሁ ፋይል አትላኩ። ስክሪንሾት በሁለት ደቂቃ ይሠራል። የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ። ዋናውን ፒኤንጂ በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት። በፎቶ ከሄደ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ገዢውም ደብዛዛ ኅትመት ይዞ ይመጣል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ፓተርኑ ከጨርቁ በላይ ያበራል። የፎቶው ብርሃን ቢጫ ሆኖ ዲዛይኑ ቀዝቃዛ ነጭ ከሆነ ነው። ፎቶውን መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ነጩ ጨርቅ ነጭ ይሁን።

ቀሚሱ ሁሉ ላይ ፓተርኑ ሳይቋረጥ አንድ ላይ ይሄዳል። እውነተኛ ቀሚስ ግን ስፌት አለው። እጅጌው ላይና ወገቡ ላይ ፓተርኑ መሰበር አለበት። ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሌየር ሥሩና አቅጣጫውን ትንሽ አዙሩት። ልብስ ሰፊ የሆነ ገዢ ይህን በአንድ እይታ ነው የሚይዘው።

አንዱን ሞክአፕ ለሁሉም ዲዛይን መጠቀም። ስማርት ኦብጀክቱ ምቹ ነው ብላችሁ ሃያ ዲዛይን በአንድ ትራስ ላይ ከለጠፋችሁ ቻናሉ የትራስ ሱቅ ይመስላል። ሦስት አራት ፎቶ አዘጋጅታችሁ እያፈራረቁ መጠቀም ይሻላል። አዲስ ድግግሞሽ ስታስገቡም መጠኑን እንደገና አስሉ፤ 406 የሚሠራው ለ25.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ሞክአፑን በኤአይ ማሠራት። በዚህም ብዙ ጥያቄ ይመጣል። ፎቶው ሊያምር ይችላል፣ ግን ኤአዩ ፓተርናችሁን እንዳለ አያስቀምጠውም፣ እንደገና ነው የሚስለው። ቅጠሉ ይቀየራል፣ መስቀሉ ክንድ ያበቅላል፣ መጠኑ እንደፈለገው ይሆናል። ለዳራው፣ ማለትም ለክፍሉና ለግድግዳው ተጠቀሙበት፤ ጨርቁ ላይ ያለውን ግን በራሳችሁ እጅ፣ በደረጃ 5 መንገድ አስቀምጡት።